ባዶ ወንበር፣ ሙቀት ሁለት

ከባልቲክ ባሕር ዳር፣ ክላይፔዳ ወደብ፣
ጨው ያዘለ ነፋስ ቆርቆሮ ሲደበድብ፣
ከሆላንድ ተጭኖ አንድ መኪና መጣ፣
አፍንጫው ተጨፍልቆ አንድ ዐይኑ የወጣ።
ዳንጉኦሌ ገዛችው በጨረታ ዋጋ፤
ሥራዋ ይኸው ነው፦ የሌላ ሰው አደጋ
ገዝታ፣ አቃንታ፣ ቀብታ ትሸጣለች፤
ሃያ ዓመት ሆኗታል፣ ብረት ታውቃለች።

ዛሬ ግን ብረቱን ከመንካቷ በፊት
ከመሪው ሥር ካለች ጠባብ ቀዳዳ ላይ ሽቦ ሰካችበት።
መኪናው ተናገረ፤
እንደ ባልንጀሮቹ ከመጨረሻው ጀመረ፦

አምስት ሰከንድ ሲቀር፣ ዘጠና አራት።
አራት ሰከንድ ሲቀር፣ ዘጠና አራት።
ሦስት፣ ዘጠና አራት።
ሁለት፣ ዘጠና አንድ፤ እግር ከፔዳል ተነሣ።
አንድ፣ መሪ ወደ ግራ፤ ፍሬን አልተነካ።
ዜሮ፣ የአየር ከረጢት ተነፋ።

ከዜሮ በኋላ ጸሐፊው እጁን አጠፈ፤
ሰውየው ዳነ ወይ? ያ ከሥራው አለፈ።

ይኼን ለምዳዋለች። የቀረውን ሳታይ ማጥፋት ነው ደንቧ፤
ግን ሰው ናት፤ ዐይኗን ቀደማት ልቧ።

ቴውኒስ ይባል ነበር፤ ቤቱም ሃርሊንገን።
ስልኩ ጥሏቸው የሄደ ስሞች አሉ፣ እስካሁን፦
«እናቴ»፣ «ጥርስ ሐኪም»፣ «ማረይኬ ሆስፒታል»፣
ደግሞም አንድ ቁጥር፣ «አታንሳው» የሚል።
በመስከረም ወር ሰማንያ ሁለት ኪሎ ነበረ፤
እስከ ጥር አሥራ አንዱ ጎደለ። ለማን ነገረ?
ለማንም።
ወንበሩ ግን አልዘነጋም።

ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣
ባሕሩን ከሚያግደው ግንብ ሥር አቁሞ፣
አርባ ደቂቃ ቁጭ። መስኮቱ ዝግት።
የሹፌሩ ወንበር ሙቀት፣ ጠፍቷል።
የጎኑ ወንበር ሙቀት፣ ሁለት ላይ በርቷል።
የጎኑ ወንበር ክብደት፣ ዜሮ። ባዶ።
ሐሙስን ከሐሙስ፣ ክረምቱን በሙሉ፣ በጉም፣ በበረዶ።

ማንም አልተቀመጠ፤
ሙቀቱ ግን በሰዓት በደቂቃ ተጽፎ ተቀመጠ።

ሽቦውን ነቀለች፣ ወደ ደጅ ወጣች።
ሲጋራ ከተወች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ኪሷን ግን ዳበሰች።
የንስሐ አባት እንኳ የሰማውን ይዞ መቃብር ይወርዳል፤
ይህ ግን ጠያቂ ካገኘ፣ ለፖሊስ፣ ለሻጭ፣ ለመጣው ሁሉ ይዘረዝራል።
«ሆድ ይፍጀው» የሚል ሰው ነው፤ ይሄ ሆድ የለውም፤
የዋጠው አይፈጅም።
(ለእኔስ ማን ነገረኝ? አትጠይቁኝ፤
እኔም ሆድ አለኝ።)

ከሰዓት በኋላ ስልኳ ተንጫረረ፣
ከኢንሹራንስ የሆነ ሰው፣ በለስላሳ ድምፅ ተናገረ፦
«ፍሬን ካልያዘ እኮ… ሆን ብሎ ከሆነስ? አስቢው እስቲ፣
ሌላ ፍንጭ ካለ፣ ሌላ ማስረጃ ቢጤ፣ እመቤቲ…»
«አምስቱን ሰከንድ ልኬልሃለሁ» አለች። «ሌላው…»
ጥቂት ዝም ብላ፣
«ሌላው ባዶ ነው።»

አልዋሸችም። ባዶ ነው።

«ሁሉም ይጥፋ?» አለ ስክሪኑ፤ «አዎ» አለችው።
«እርግጠኛ ነሽ?» አለ። እርግጠኛ መሆንን ከየት ታምጣው?
ግልባጩ በየትኛው አገር፣ በማን ጓዳ እንዳለ
አንድዬ ይወቀው። አዎን ነካች። ጠፋ አለ።

በሚያዝያ ኤይማንታስ የሚሉት ጎረምሳ ቀለሙን ወደደ።
ገና ቁልፉን ሲያዞር «ትስማማለህ?» የሚል ረጅም ጽሑፍ ወረደ፤
ሳያነብ ነካው። ምን ትፈርድበት?
እሷም ብትሆን አንብባ አታውቅም፤ አንድ ቀን እንኳ፣ አንድ ገጽ፣ አንድ ዐረፍት።

ያን ምሽት ጋራዡን ቆልፋ የራሷን መኪና አስነሣች፤
ቀበቶዋን አሰረች።
ከመሪው ጀርባ ያለችውን ትንሽ አረንጓዴ መብራት
ዐይን ለዐይን አየቻት።
ከዚያ እጇን ዘርግታ፣ ማንም በሌለበት፣
የጎኗን ወንበር ሙቀት ሁለት ላይ አደረገችው፤

«ጻፍ» አለችው።